የማጠቢያ ቀን

ተቆጣጣሪው የሳሙና ፋብሪካውን ጭስ ሊለካ የሚመጣው ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ደብዳቤ ልኮ ነው። ድንገት ሰው ቤት መምጣት ነውር ነዋ! ሥራ አስኪያጁም በቀኑ ጭሱን የሚተፋውን ቦይለር አጥፍቶ በፈገግታ ይቀበለዋል።

ዛሬም መለኪያው ምንም አላገኘም። ተቆጣጣሪው ቀና ብሎ ሰፈሩን ቃኘ፤ በየአጥሩ ነጫጭ አንሶላና ነጠላ ተሰጥቷል። «ጥላሸት የሚባል ነገር አልታየም» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታበት።

ሲወጣ የፋብሪካው ጎረቤት እማማ ወደርየለሽ እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ አስቆሙት።

«ልጄ፣ ደግሞ መቼ ነው የምትመጣው? ጋቢዎቹ ሳይታጠቡ ቀሩብኝ።»

ግራ ቀኙን አይቶ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

«የካቲት ስምንት ነው፣ እማማ። የእኛም ቤት ከፋብሪካው ጀርባ ነው፤ ባለቤቴ የምታጥበው እኔ ለቁጥጥር ስመጣ ብቻ ነው።»