ጫማ ሊያስጠግን

ልጅቱ የእናቷን አገጭ ቀና አድርጋ ኢንሱሊኑን አፍንጫቸው ውስጥ ረጨች። «ለመርሳት ሕመማቸው ሙከራ ነው» ብሏት ነበር ሐኪሙ፤ «ሆርሞኑ ከሠራ የአንጎል ሴሎቻቸው እንደገና ይያያዛሉ፤ የሰሙትን መያዝ ይጀምራሉ።» ሁለት ወር ሙሉ ግን ጠብ ያለ ነገር አልነበረም።

«አባትሽስ?» አሉ እናትየው እንደ ወትሯቸው።

«አባዬማ ጫማ ሊያስጠግን ወጥቷል፤ አሁን ይመጣል።» ከአባቷ ቀብር ወዲህ በየጠዋቱ የምትላቸው ይህንኑ ነበር፤ ሰምተው ፈገግ ይላሉ፤ ወዲያው ይረሱታል።

ያን ጠዋት ፈገግ አላሉም። «ትናንትም ጫማ ሊያስጠግን ነው ያልሽኝ» አሉ።

ልጅቱ እልል ልትል አፏን ከፈተችና እንደከፈተች ቀረች። እናትየው ብልቃጡን ከእጇ ወስደው ቀስ ብለው ከደኑት።

«በይ ንገሪኝ፤ አሁንማ አልረሳውም።»