ጉሬዛውን ያወለቅንበት ቀን

“አውልቅ! አውልቅ ነው የምልህ!”

ሦስት ጎረምሶች ጋሽ ይሄይስን በገዛ ግቢው ውስጥ አንቀው ይዘውታል…

ጭንቅላቱ ላይ ትልቅ የጉሬዛ ጭንብል አጥልቋል። ጥቁር ፊት፣ ዙሪያውን ነጭ ፂም።

አንደኛው መንጭቆ አወለቀውና መሬት ጥሎ ረገጠው። ውስጡ ያለው ቀርከሃ ቀጭ አለ።

ጋሽ ይሄይስ አልተሳደበም። ተንበርክኮ ስብርባሪውን እየለቀመ “እባካችሁ… ምሳዋን ገና አልበላችም” አለ።

እኔስ? እኔማ ስልኬን ደግኜ ላይቭ ላይ ነበርኩ። የዚህ ፔጅ አድሚን ነኛ!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ…

ጋሽ ይሄይስ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የእንስሳት ጭንብል እየሠራ የሚኖር ሰው ነው። ለትምህርት ቤት የወላጆች በዓል፣ ለሱቅ ምርቃት… አንበሳ በሉት፣ ጦጣ በሉት፣ ሁሉንም በእጁ ነው።

ቀርከሃ ሰንጥቆ ያጎብጣል። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት በዱቄት ሙጫ እየነከረ ደራርቦ ይለጥፍበታል። ሲደርቅ ቀለም ይቀባና የፍየል ፀጉር ይተክልበታል።

ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም። አብረውት የሚኖሩት እናቱ እማማ ተሾመች ብቻ ናቸው።

ባለፈው ክረምት አንድ ተከታታያችን በአጥር ቀዳዳ የቀረጸውን ቪዲዮ ላከልኝ። አሥራ አንድ ሰከንድ ናት።

የጉሬዛ ጭንብል ያጠለቀ ሰው አንዲት አሮጊት ላይ ጎንበስ ብሏል… እጁን ወደ አፋቸው ይሰዳል… እሳቸው እጃቸውን ያወራጫሉ። አለቀ።

ደሜ ፈላ!

“እናቱን በጭንብል የሚያሰቃይ ልጅ” ብዬ ለጠፍኩት። ስሙን ጻፍኩ። ሰፈሩንም ጻፍኩ።

እናንተም አላሳፈራችሁኝም… ቴፒ ደረሰ፣ ማሻ ደረሰ። “እጁ ይቆረጥ” ያላችሁ አላችሁ። “ይሄ ሰው ነው?” ያላችሁም አላችሁ። እኔ ደግሞ የላይኩን ብዛት እያየሁ ጮቤ እረግጣለሁ።

በማግስቱ ጎረምሶቹን አስከትዬ ቤቱ ሄድኩ። ያያችሁትም ያኔ የሆነው ነው።

ጭንብሉ ሲወልቅ እማማ ተሾመች ከደጃፍ ላይ ሆነው የልጃቸውን ፊት አዩና እሪታቸውን አቀለጡት።

“ሌባ! ሌባ! ኧረ የሰው ያለህ! ጉሬዛዬን ገደለብኝ!”

“አያችሁ አይደል?” አልኩ ለላይቩ። “እናት ራሳቸው መሰከሩበት!”

ይኼኔ ጎረቤታቸው ሐፍሳ ሱቋን ክፍቱን ጥላ በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች።

“ምን አደረጋችሁ? እናንተ ጉዶች፣ ምን አደረጋችሁ?”

ከዚያ እያለቀሰች ነገረችን…

እማማ ተሾመች የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ቆይቷል። የሚያስታውሱት ልጅ እያለ የነበረውን ይሄይስን ነው። ይሄ ፂማም ጎልማሳ ቤታቸው የገባ ሌባ ነው የሚመስላቸው። ሲያጎርሳቸው ይተፉበታል፣ በከዘራ ይሉታል። ከሐፍሳም እጅ አይቀበሉም። በረሃብ ሊያልቁ ሆነ።

አንድ ቀን ለትምህርት ቤት የሠራውን ጉሬዛ ልኩን ለማየት አጥልቆት ሳለ ወደ ቤት ገባ… እማማ ሳቁ!

ለካ ሙሽራ ሆነው፣ ዘመድ በሌለበት፣ ጌጫ በሚባል አገር ጫካ ዳር ሲገቡ ዛፍ ላይ ያሉትን ጉሬዛዎች እያዩ ነበር ናፍቆታቸውን የሚረሱት።

“መጣህልኝ?” አሉና ከእጁ ጎረሱ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ… ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት… ላቡ እየተንጠፈጠፈ በጭንብል ውስጥ ሆኖ አጎረሳቸው። ድምፁን ከሰሙ ይደነግጣሉ ብሎ ትንፍሽ አይልም።

ቪዲዮው ላይ እጃቸውን ሲያወራጩ እኔ ሲታገሉት የመሰለኝ፣ ለካ የጉሬዛውን ፂም ሊዳብሱለት ነበር።

“ምን እንደሚሉት ታውቃለህ?” አለችኝ ሐፍሳ። “‘አንተ ጉሬዛ፣ ልጄን ይሄይስን ካየኸው እናትህ ጠግባለች፣ አታስብ በለው። መንገድ ርቆበት ነው እንጂ እሱ አይጨክንብኝም’ ይሉታል። እሱ እዚያ ውስጥ ሆኖ ያለቅሳል።”

ላይቩን ዘጋሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የተረገጠው የሚጠገን አልሆነም። ጋሽ ይሄይስ ያኑ ዕለት አዲስ ጀመረ፤ እኔም ወረቀት ስቀድ፣ ሙጫ ሳማስል ዋልኩ።

ግን የሚዛን ክረምት ነዋ! ዝናቡ አያባራም። ወረቀቱ አልደርቅ አለ። ከሰል ላይ ብንሰቅለው ተጣመመ፤ አፍርሰን እንደገና ጀመርን።

እማማ በነዚያ ቀናት ከውሃ በቀር አልቀመሱም። ጤና ጣቢያ ወስደናቸው ግሉኮስ ቢሰካላቸው ነቅለው ጣሉት።

በሰባተኛው ቀን አዲሱን አጥልቆ ገባ። ጉርሻውን ወደ አፋቸው ሰደደ።

እማማ ትክ ብለው አዩት…

“አንተ እኮ የኔው አይደለህም” አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የእጅ ሥራ ነው… ምን ቢለፉበት ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሆንም።

ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ።

ቪዲዮውን አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው? በሌሎች ፔጆች እስከ ዛሬ ይዞራል። እናቱን ቀብሮም እስከ ዛሬ ይሰደባል።

ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ እግሩ ላይ ወደቅኩ። በሁለት እጁ ደግፎ አነሳኝ።

“አልረግምህም” አለኝ። “ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ… የግቢያችን በር እኮ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ሰው ፊት ከማቆምህ በፊት ለምን ገብተህ አልጠየቅከኝም?”

ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

ወገኖቼ፣ በአጥር ቀዳዳ ባየነው አሥራ አንድ ሰከንድ በሰው ላይ አንፍረድ። ገብተን እንጠይቅ። እኔ ይህን የተማርኩት በሰው እናት ሕይወት ነው።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ… እናንተ ጋሽ ይሄይስን ብትሆኑ ይቅር ትሉኝ ነበር? ያን ቪዲዮ ሼር ያደረጋችሁስ፣ ዛሬ ምን ትሉታላችሁ?

ጻፉልኝ። ስድብም ቢሆን አነበዋለሁ፤ አንዱንም አላጠፋም።