ሦስት እፍኝ

እናቱ ከታመመች ወዲህ እህል ዘግቷታል፤ የሚያምራት ራሷ ትጋግረው የነበረው የአጃ ዳቦ ብቻ ነው። ሁለት ቀን ጋግሮ አቀረበላት፣ ሁለቱንም ቀን ቀምሳ ገፋችው።

«የኔ አይደለም።»

«እንዳልሽኝ ሦስት እፍኝ ነው ያደረግኩት እማዬ።»

«በዚህ አካፋ በሚያህል እጅህ?» ብላ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከባልትና ሱቋ ሴትዮ ሚዛን ተውሶ መጣ። የአጃ ዱቄቱን ጣሳ አልጋዋ ላይ አስቀመጠና «በይ፣ ራስሽ ዝገኚልኝ» አላት። እጇን እስከ አንጓዋ ከታ ሦስት ጊዜ ዘገነች፤ ሚዛኑ ላይ ባለው ሳህን አፈሰሰችው። ግራሙን ደብተሩ ላይ ጻፈ። ከእንግዲህ አይሳሳትም። ከዱቄቱ ምንም ሳያስቀር ገልብጦ አቦካው።

ዳቦው ሲበስል ሽታው ቤቱን ሞላው።

«አሁን የኔ ሸተተኝ» አለች ከትራሷ ቀና ብላ። «ቁረስልኝ።»

ቢላው ዳቦው መሃል ሲደርስ ቋ አለ። ድንጋይ መስሎት በጣቱ ፈልፍሎ አወጣው። የጋብቻ ቀለበቷ ነበር፤ አምና ለኦፕራሲዮን ስትገባ በሳሙና እንኳ አልወልቅ ብሎ ነርሶቹን ያስቸገረው።