ቀይ የተቀባው ጉድጓድ

የውሃ መርማሪው የጉድጓዱን ክዳን ቀይ ቀለም ቀብቶ ከዘጋው ወዲህ መንደሩ በሙሉ የሚቀዳው ከቦኖ ነው። እማማ ብቻ በየጠዋቱ ክዳኑን እየፈነቀሉ መቅዳታቸውን አልተዉም።

«የልጅ ልጃቸውን ተከትለው ሊሄዱ ነው» ይላሉ ጎረቤቶች።

ልጅቷን ከሕፃንነቷ ያሳደጓት እሳቸው ነበሩ። የባትሪ ፋብሪካው ከአጥሩ ሥር የሚደፋው የአሲድ እጣቢ፣ አፈሩ ውስጥ ታስሮ የኖረውን እርሳስ ፈቶ ወደ ጉድጓዱ ለቀቀው። ልጅቷ ሆዴን፣ ሆዴን እንዳለች እጃቸው ላይ አለፈች። ትንንሽ ጫማዎቿ ዛሬም ከደጃፉ አልተነሱም። መርማሪው በዚያ ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያዞራል።

ይባስ ብሎ፣ እማማ ከሐዘኑ በኋላ እዚያው ፋብሪካ ለምነው ሥራ ገቡ። «በምን አንጀታቸው!» ተባለ። ሰው መቼም አፉ ሥራ አይፈታም።

አንድ ቀን መርማሪው ባልዲያቸውን ያዘ።

«እማማ፣ በሞቴ ይተዉት! መልክ የለው፣ ሽታ የለው፤ አጥንት ውስጥ ገብቶ ይተኛል እኮ።»

«ቢፈላስ?»

«ቢፈላም አይለቅም። እንዲያውም ይብሳል።»

«ተባረክ» አሉት፣ እፎይ እንደማለት ብለው።

ገባቸው ብሎ ደስ አለው። በማግስቱ ክዳኑ ተፈንቅሎ አገኘው።

ደማቸውን አስመረመረ። ንጹሕ ነው ተባለ። ላቦራቶሪው ተሳስቶ ይሆናል አለ፤ ሌላ ምን ይበል? ፈራ። ከዚያ ግቢ ሁለተኛ ሬሳ ሲወጣ ማየት አልፈለገም።

በመጨረሻ ወደ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባ።

«ጉድጓዱን የሚደፍን መኪና ይስጡኝ። አሮጊቷ እየሞቱብኝ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ አመድ መስሏል። «እናያለን። እኔም ሰሞኑን ደህና አይደለሁም፤ ሐኪሞቹም ግራ ገብቷቸዋል። እስቲ ቁጭ በል» አለና ወደ በሩ ጮኸ። «ሁለት ሻይ!»

ትሪ ይዘው የገቡት እማማ ናቸው። እንግዳውን ሲያዩ ደጃፉ ላይ ቆም አሉ። ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን አቀረቡ፤ ስኳሩንም ራሳቸው አማሰሉለት። መርማሪው ሁለተኛውን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ፣ ትሪውን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሳቡት።

«አንተ ተው፣ ልጄ።»