እስከ ዛሬ ያለው ሒሳብ

ይኸኛውም ወረቀት ከፕሪንተሩ ባዶውን ወጣ። የዩኒየኑ ስም ከላይ ተጽፏል፣ መስመሮቹ ተሰምረዋል፣ በመስመሮቹ መካከል ግን አንዲት ቁጥር እንኳ የለችም። ስርጉት ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየችው፤ ከጀርባው ምን እንደምትጠብቅ እሷም አታውቅም።

ከግድግዳው ማዶ አዳራሹ ሞልቷል። ከገሳይና ከአንበሳሜ ሳይቀር የመጡ አባል ገበሬዎች የሒሳብ ሪፖርቱን ይጠብቃሉ። ባለፈው የየካቲት ጉባኤ፣ ከእሷ በፊት የነበረው የሒሳብ ሠራተኛ ተስፋነህ እንዲህ ያለ ባዶ ወረቀት ይዞ ቀርቦ «ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ» ቢል የሰማው አልነበረም። «ሒሳቡን ደብቆ ነው» ተባለና እዚያው ተባረረ። ስርጉት ደግሞ ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። ፈርታለች።

ፕሪንተሩን አጥፍታ አበራችው። ገመዱን ነቅላ ሰካችው። ቀለሙን አውጥታ ነቀነቀችው፤ አንድ ሁለቴም በጥፊ አለችው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ቀስ በይ ልጄ» አሉ የዩኒየኑ ሊቀመንበር አቶ ጓንጉል፣ በሩ አጠገብ እንደተቀመጡ። «ግን ዛሬም ባዶ ወረቀት ካዩ እኔም አላድንሽም።»

ስርጉት ፕሪንተሩን ተወችውና ሪፖርቱን በፒዲኤፍ አውጥታ ስክሪኑ ላይ ከፈተችው። እዚያም ባዶ ነው። እንግዲያው ምስኪኑ ፕሪንተር በከንቱ ተመትቷል፤ የተሰጠውን ነው ያተመው። የዕለት መዝገቡን ከፈተች። ደረሰኙ ሁሉ በቦታው አለ። ታዲያ ወደ ሪፖርቱ ሲሄድ የት ነው የሚቀረው?

ዓይኗ ከሪፖርቱ ገጽ ግርጌ አረፈ። «እስከ ዛሬ ያለው ሒሳብ» ይላል፤ ዓመቱ 2011 ነው። ደረሰኞቹ የተመዘገቡት ግን ፕሮግራሙ በሚያውቀው በፈረንጅ ዓመት፣ በ2019 ነው። ለኮምፒውተሩ ሁሉም ገና ወደፊት የሚመጡ ናቸው፤ ያልደረሰ ሒሳብ ደግሞ አይደምርም።

«ጋሽ ጓንጉል፣ የኮምፒውተሩን ቀን የነካው ሰው ይኖር ይሆን?»

«ያስተካከለው በይ እንጂ!» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «እኔ ነኝ። አባላቱ ‹ያልደረስንበትን ዓመት ለምን ትጽፉብናላችሁ› እያሉ ቢያስቸግሩኝ፣ አነካኩን ልጄን ጠይቄ ወደ እኛ ዓመት መለስሁት። ደብረ ታቦር ተቀምጦ የፈረንጅ ቀን የሚቆጥር ማሽን ምን ይረባል?»

የስርጉት ሳቅ መጣ፤ እንደምንም ዋጠችው። ቀኑን መልሳ ወደ ፈረንጁ አዞረችና ሪፖርቱን እንደገና አዘዘች። ፕሪንተሩ አጉረመረመ። ወረቀቱ በቁጥር ተሞልቶ ወጣ፤ ሌላውም ተከተለው።

«ተመስገን!» አለች። «ለካ የያዘው ቀኑ ነው። ዓመቱ የፈረንጅ መሆኑን ግን ለአባላቱ አንቱው ይንገሩልኝ።»

አቶ ጓንጉል አልተነሡም። ወረቀቶቹንም አላዩም።

«ቀኑን የለወጥሁት በጥምቀት ሰሞን ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ተስፋነህ ምሳ በወጣበት።»

ስርጉት በእጇ የያዘችውን ወረቀት አስቀመጠች።

«‹ይባረር› ሲባል መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ‹ጋሼ፣ በልጆቼ ይሁንብኝ አልደበቅሁም› ብሎኝ ነበር።» አፈሩ፤ ማፈራቸውንም አልሸሸጉም።

«ሊቀመንበር! ኧረ ረፈደ!» አለ አንድ ሰው ከአዳራሹ።

«ይጠብቁ» አሉ አቶ ጓንጉል። «የተስፋነህ ስልክ አለሽ?»

ደውላ ስልኩን ሰጠቻቸው። ፕሪንተሩ ማተሙን ቀጥሏል፤ ወረቀቱ ከመቀበያው ሞልቶ ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ የሚያነሣው ግን የለም። ስልኩ ይጠራል። አቶ ጓንጉል ከመቀመጫቸው ተነሡና ባርኔጣቸውን አወለቁ።