አባ ቅደሙ

ራጅ አንሺዋ ቀኑን ሙሉ የምታወራው ሁለት ነገር ነው፤ «ትንፋሽ ይያዙ» እና «ይልቀቁ»። ሌላው ወሬ ሁሉ የሲቲ ስካኑ ጉርምርምታ ነው። ክፍሏ ቀዝቃዛ፣ ቤቷም ያው ቀዝቃዛ። ከተቀጠረች አራት ወሯ ነው፤ ስሟን ጠርቶ ያነጋገራት ሰው ግን የለም።

በሯን በከፈተች ቁጥር ከመጠበቂያው ሳቅ ይሰማታል። የጉበት ካንሰር የያዘው ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚያ ይሳቃል! ሳቁን የሚያመጡት አንድ ሽማግሌ ናቸው። በየሦስት ሳምንቱ፣ በሽተኞቹ ፊልም ተነሥተው የካንሰሩን መድኃኒት በሚወስዱበት ቀን፣ ትልቅ የፊልም ፖስታ ታቅፈው ከሁሉ ቀድመው ከች ይላሉ። ሰው ሁሉ «ይግቡ እንጂ!» ሲላቸው ግን «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ ምን አስቸኮለኝ» ብለው ለሌላ ያሳልፋሉ። በዚሁ አባ ቅደሙ ተባሉና አረፉት።

«አባ ቅደሙ፣ የመቃብር ወረፋም ቢደርስዎ ያሳልፉታል?» አለቻቸው አንዷ በሽተኛ።

«እሱንማ ድሮ ለአማቴ ሰጥቻለሁ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ራጅ አንሺዋ ግን አልሳቀችም። የሽማግሌው ሆድ በመጡ ቁጥር ገፋ ገፋ ሲል፣ ቀበቷቸውም በአዲስ ቀዳዳ ሲታሰር አይታለች። ውሃ ቋጥሮ ይሆናል ብላ ሰጋች።

አንድ ጠዋት ከኮሪደሩ መስኮት አጠገብ አገኘቻቸው።

«እስቲ ፊልምዎን ልይልዎት፣ አባባ።»

ጥቂት አመነቱ። ከዚያ የፊልሙን ጥግ በአውራ ጣታቸው ጥብቅ አድርገው ይዘው ወደ ብርሃኑ ዘረጉላት።

ወደ ፊልሙ ተጠጋች። ፊልም የምታነበው ሐኪም ነግራታለች፤ የእብጠቱ ዳር እንደ እንቁላል ልሙጥ ከሆነ፣ የሰውነትን የገዛ መከላከያ የሚቀሰቅሰው ይህ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ያሸንፈዋል። ዳሩ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ከተንጨፈረረ ግን… የአባ ቅደሙ የተንጨፈረረ ነበር።

«ሐኪሟ ምን አሉዎት?»

«ኧረ ተይኝ ልጄ፣ ሰዉ ይቅደም መጀመሪያ።»

ፈርተው ነው፣ አለች በልቧ። ክፉውን ላለመስማት ነው ከወንበር ወንበር የሚሸሹት። መድኃኒቱንም ሳይወስዱ ነው የሚመለሱት ማለት ነው! እሳቸው ከሞቱ፣ በሯን ብትከፍትስ ከእንግዲህ ምን ልትሰማ ነው?

በሦስተኛው ሳምንት ሲመጡ አልታገሠችም። እጃቸውን ይዛ እየጎተተች አስገባቻቸው። ከኋላ ጭብጨባው ቀለጠ።

«እሰይ! ዛሬስ ቀደሙ!»

«ይተኙ አባባ» አለች፣ ወደ ማሽኑ አልጋ እያመለከተች። «ዛሬ ሳላነሳዎት አይወጡም። ክፉም ቢሆን አብረን እንሰማዋለን፤ እኔ አለሁልዎት። ካርድዎን ይስጡኝ።»

ሽማግሌው አልተኙም። በሩን ቀስ ብለው ዘጉና ከማሽኑ አልጋ ጫፍ ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ድነዋል ተብዬ ከተሰናበትኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ» አሉ በሹክሹክታ፤ «ያ ፊልም የድሮ ነው፣ ቀኑን በአውራ ጣቴ ሸፍኜብሽ ነው። አደራ፣ እንዳትነግሪብኝ። ከዚህ ካባረሩኝ ከማን ጋር አወራለሁ?»