ይበቃል ወይስ አይበቃም?

በቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ላይ እንደ አንዱ የሒሳብ ክፍል የሚያበግነኝ ነገር የለም። መልሱን አይጠይቅም። አንድ ጥያቄና ሁለት መረጃ ይሰጥህና «ለመመለስ ይበቃል ወይስ አይበቃም?» ይልሃል። ምንም ሳይሠሩ በሰው ሥራ ላይ የሚወስኑ አለቆች የሚፈለፈሉት እዚህ ነው!

ፈተናው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዘንድሮ ካለፈኝ ሌላ ዕድል የለኝም። ማንም እንዳይረብሸኝ ክፍሌን ቆልፌ የመለማመጃ መጽሐፌን የመጨረሻ ጥያቄ አነበብኩ።

«ሰውየው ከክፍሉ መውጣት ይችላል? አንድ፦ በሩ የተቆለፈው ከውስጥ ነው። ሁለት፦ ቁልፉ ያለው ሰውየው ጋ ነው።»

«ሁለቱ አንድ ላይ ይበቃሉ» የሚለውን መረጥኩ። መልሱን ገልጬ ሳየው «አይበቃም» ይላል።

«እንዴት ነው የማይበቃው?» ብዬ ጠረጴዛውን ደበደብኩት።

«አንተ ተሟጋች!» አለች፣ በመኪና ልታደርሰኝ ሳሎን የምትጠብቀኝ ታላቅ እህቴ። «ሰው አልበቃ ብሎህ ከወረቀት ጋር ጀመርክ? ውጣ፣ ሰዓቱ ደረሰ!»

«መጣሁ፣ እትዬ!»

ማብራሪያው አንድ መስመር ነበር፦ «ውስጥ የሚባለው የትኛው ወገን እንደሆነ አልተገለጸም።»

«እናንተ ደደቦች!» ብዬ መጽሐፉን ወለሉ ላይ ወረወርኩት። ቁልፉን አዙሬ ነቀልኩና ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

ፊት ለፊቴ ያው የክፍሌ ጠረጴዛ ነበር። መጽሐፉ ወንበሩ ሥር ተደፍቷል።

እህቴ ከኋላዬ፣ ከበሩ ማዶ አንኳኳች።

«ውጣ እንጂ! ቁልፉ እኮ አንተው ጋ ነው!»